የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ለመክፈት፦ ከቁልፉ እስከ ማህተሙ

«ክፍል አግኝተናል፣ መጽሐፍም እየሰበሰብን ነው፤ ቀጥሎ ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመጣብኛል። አንዳንዴ የሚጠይቁኝ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ናቸው፣ አንዳንዴ የወረዳ ከተማ መምህር፣ አንዳንዴ ደግሞ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ ለተወለደበት ሰፈር አንድ ነገር መሥራት የሚፈልግ ሰው። ለየብቻ ከመመለስ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ። የሰፈር ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በማጣት ብዙም አይዘጋም። የሚዘጋው በሩ በተባለው ሰዓት ስለማይከፈት ነው። ሁለት ጊዜ መጥቶ ቁልፍ የተንጠለጠለበት በር ያየ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ አይመጣም፣ ለጓደኞቹም ይነግራል። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ የታሰበው ክፍሉ በጥቂት ሰውና በጥቂት ብር ሳይቋረጥ እንዲሠራ፣ የገባውም ሰው የሚፈልገውን አግኝቶ እንዲወጣ ነው። መመሪያው ከ300 እስከ 1000 መጽሐፍ ለሚይዝ አንድ ክፍል ይሆናል። ከዚያ በላይ ካሰባችሁ የሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያስፈልጋችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ክፍል፣ ቢቻል 4 በ5 ሜትር፤ ጣሪያው የማያፈስ፣ በሩ የሚቆለፍ፣ መስኮት ያለው
- መደርደሪያ (1 ሜትር ላይ ከ30 እስከ 40 መጽሐፍ ይቆማል፤ ለ500 መጽሐፍ ወደ 15 ሜትር ያህል አስቡ)
- ሁለት ረጅም ጠረጴዛ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ለሕፃናት ሰሌን ወይም ምንጣፍ
- ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ፣ ሁለት ተራ ደብተር
- ማህተምና የማህተም ቀለም
- ለካርድ የሚሆን ጠንከር ያለ ወረቀት፣ ባለ ቀለም ወረቀት፣ መቀስ፣ ነጭ ኮላ፣ መርፌና ጠንካራ ክር
- የማስታወቂያ ሰሌዳና 5 ቦክስ ፋይል
- የግድግዳ ሰዓት
- መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ቻርጅ የሚደረግ መብራት
- የንባብ መነጽር፣ ሦስት አራት ፍሬ (ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ)
- የእሳት ማጥፊያ፤ ካልተገኘ ደረቅ አሸዋ የሞላ ባልዲ

ኮምፒውተር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ካለ ጥሩ ነው፣ ከሌለ ግን መክፈቻውን አታዘግዩበት።

ደረጃ 1፦ ማን እንደሚመጣ ጠይቁ

አንድ መጽሐፍ ከመቀበላችሁ በፊት ቢያንስ 30 ሰው አነጋግሩ። ትምህርት ቤት በር ላይ፣ እድር ስብሰባ ላይ፣ ጀበና ቡና ጋ፣ ባጃጅ ተራ ሂዱ። አራት ጥያቄ ይበቃል፦ ስንት ሰዓት ላይ ነፃ ነዎት? በምን ቋንቋ ያነባሉ? ልጆችዎ ስንተኛ ክፍል ናቸው? በቅርቡ ማወቅ ፈልገው ያጡት መረጃ ምንድን ነው?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ሰው «ምን መጽሐፍ ትፈልጋለህ» ሲሉት ዝም ይላል፣ ወይም ጠያቂውን ደስ የሚያሰኝ መልስ ይሰጣል። «ምን ፈልገህ አጣህ» ሲሉት ግን የቤት ኪራይ ውል፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የዶሮ በሽታ፣ የውጭ አገር ሥራ እያለ ይዘረዝርላችኋል። መደርደሪያችሁና የመረጃ ጠረጴዛችሁ የሚሞሉት በዚህ ዝርዝር ነው። ቋንቋውን የምትጠይቁት ደግሞ በብዙ ከተማ ልጆቹ ትምህርት ቤት በአንድ ቋንቋ ተምረው ቤት በሌላ ስለሚያወሩ ነው። አማርኛ ብቻ ሰብስባችሁ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ የሚማሩ ልጆች ቢመጡ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ደረጃ 2፦ ክፍሉን በደብዳቤ ያዙ

የኮንዶሚኒየም ኮሙናል፣ የእድር አዳራሽ፣ የወጣት ማዕከል፣ ወደ መንገድ የሚከፈት የትምህርት ቤት ክፍል፣ ሁሉም ይሆናሉ። የእምነት ተቋም ግቢ ውስጥ ከሆነ ግን የሌላ እምነት ተከታይ ደፍሮ ላይገባ ይችላል፤ ይህን አስባችሁበት ወስኑ። ኮሙናል ከሆነ ደግሞ ድግስና ለቅሶ በሚኖርበት ቀን ክፍሉ ምን እንደሚሆን ከአሁኑ ተነጋገሩ። ወንበሮቹ ለድንኳን ወጥተው እንዳይቀሩ ማለቴ ነው።

የቃል ስምምነት አይበቃም። ደብዳቤው ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ ክፍሉ ለስንት ዓመት እንደተሰጠ፣ መብራት ማን እንደሚከፍል፣ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ቤቱ ቢዘጋ መጻሕፍቱ የት እንደሚሄዱ። የኮሚቴ ሊቀመንበር ይለወጣል፣ የወረዳ ኃላፊ ይዛወራል። ማህተም ያለው ወረቀት ግን አዲሱ ሰው ሲመጣ የምታሳዩት ነገር ይሆናችኋል።

ስለ ምዝገባም ይጠይቁኛል። በእድሩ ስር፣ የእድሩ አንድ ሥራ ሆኖ መጀመር ቀላሉ መንገድ ነው፤ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና ዕቁብን የመሰሉትን አይመለከትምና። የራሳችሁን ድርጅት አቋቁማችሁ በስፋት እርዳታ ማሰባሰብ ካሰባችሁ ግን በዚሁ አዋጅ መሠረት መመዝገብ አለባችሁ።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱንና ቁልፉን ወስኑ

መጽሐፍ ከመደርደር በፊት ይህ ይቀድማል። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ክፈቱ፣ ግን ያለማቋረጥ። ለምሳሌ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10:30 እስከ 12:30፣ ቅዳሜ ጠዋት ከ3:00 እስከ 6:00። «በየቀኑ ክፍት ነው» ብሎ ግማሹን ቀን ከመዝጋት ሦስቱን ቀን መጠበቅ ይሻላል። ሰዓቱን በትልቁ ጽፋችሁ ከውጭ በኩል በሩ ላይ ለጥፉ።

ቁልፉ ሁለት ይሁን፣ በሁለት የተለያየ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ይያዙት። አንዱ ሰው ታሞ፣ ለቅሶ ሄዶ፣ መንገድ ተዘግቶበት ሊቀር ይችላል። የተራ ዝርዝር አውጡና ከእያንዳንዱ ተራ ጎን የተጠባባቂውን ስም ጻፉ። ጡረታ የወጡ መምህራን ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የላቸውም፤ ሰዓት ያከብራሉ፣ ልጆችም ይሰሟቸዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክረምት ላይ ጥሩ ነው፣ መስከረም ሲጠባ ግን ይሄዳል። በዚህ አትቀየሙ፣ ከመጀመሪያው አስቡበት። ብር ካላችሁ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ለከፋቹ የትራንስፖርት መድቡ።

ደረጃ 4፦ መደርደሪያውን አሠሩ

አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ለበያጁ ወይም ለአናጢው እነዚህን ልኬቶች ስጡት፦

- የእያንዳንዱ መደብ ርዝመት ከ90 ሳንቲ ሜትር አይበልጥ፤ ከበለጠ መሃሉ ይጎብጣል
- ጥልቀት 25 ሳንቲ ሜትር፣ በመደብና በመደብ መካከል ያለው ከፍታ 30 ሳንቲ ሜትር
- የታችኛው መደብ ከወለሉ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ወለል ሲታጠብም ሆነ ጎርፍ ሲገባ መጀመሪያ የሚረጥበው እሱ ነው
- ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ በክረምት እርጥበቱ ከግድግዳ ወደ ወረቀት ይሻገራል
- የላይኛው ጫፍ ግድግዳው ላይ ይታሰር

ቺፑድ ርካሽ ነው፣ ግን እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ምስጥ ባለበት አካባቢ የብረት እግርና የብረት መደብ ይሻላል። መስኮት ፊት ለፊት አታቁሙት፤ ፀሐይ ሽፋኑን ታነጣለች፣ ወረቀቱንም ታደርቃለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ያልታሰረ መደርደሪያ ላይ ልጅ ይንጠላጠላል። ይህ የማይቀር ነው። ሳይታሰር በሩን አትክፈቱ።

ደረጃ 5፦ መጽሐፍ ምረጡ፣ እምቢ ማለትንም ተለማመዱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል፤ «መጽሐፍ እንዴት ይጣላል» ይላሉ። ግን ማንም የማይነካው 400 መጽሐፍ የሚነበበውን 100 ይሸፍነዋል። ልጁ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ሁለት ሦስት ጊዜ የማይጠቅመውን ካወጣ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል።

የማትቀበሉት፦ ገጽ የጎደለው፣ የሻገተ፣ ሕግና ሕክምና ነክ ሆኖ ጊዜው ያለፈበት (ይህ ሰው ይጎዳል)፣ ያለ ፈቃድ በኮፒ የተባዛ፣ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት። የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ መጻሕፍትንም ለዩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በደረጃ ስለገባ፣ ተማሪ ሳያውቅ በድሮው መጽሐፍ ለፈተና ሊዘጋጅ ይችላል። የሒሳብ መልመጃ ያለውን ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ሽፋኑ ላይ «የቀድሞ ሥርዓተ ትምህርት» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ።

ለጋሽ እንዳይቀየም ከመቀበላችሁ በፊት አጭር ቅጽ አስፈርሙ፦ «ለቤቱ የማይስማማውን ለሌላ ቦታ እንድትሰጡ ወይም እንድታስወግዱ ፈቅጃለሁ።» በቃ፣ ንትርኩ አለቀ።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ቃል። ካርቶን ሙሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አትላኩ። የማጓጓዣው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ ዋጋ ይበልጣል፣ የአሜሪካ የታክስ ሒሳብ መጽሐፍም እዚህ ማን ያነበዋል? መጀመሪያ ዝርዝር ጠይቁ፤ ከዚያ እዚሁ አገር ውስጥ እንዲገዛ ገንዘቡን ላኩ። የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ በአገር ውስጥ ገበያ በጣም ይረክሳል፣ ደራሲውና አሳታሚውም ይጠቀማሉ።

ያገለገለ መጽሐፍ መርካቶና በየመንገዱ ዳር ካሉ ነጋዴዎች ታገኛላችሁ። ስትገዙ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን 10 ገጾች፣ ከዚያ መሃሉን አገላብጣችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከእነዚህ ነው። ለታናናሾቹ ልጆች ደግሞ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ በአማርኛም ተረቶች አሉት፤ በነፃ አውርዶ ማተም ይቻላል። እያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ያለውን የፈቃድ ዓይነት ብቻ አንብቡ።

ደረጃ 6፦ መዝግቡ፣ ማህተም አድርጉ

ትልቁን መዝገብ በዓምድ ከፋፍሉት፦ ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የደራሲ ስም፣ ርእስ፣ የታተመበት ዓመት፣ ከማን እንደመጣ፣ ዋጋ፣ ምርመራ። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ቁጥር አለው፤ አንድ ርእስ ሦስት ቅጂ ካለው ሦስት ቁጥር ያገኛል። መጽሐፉ ቢጠፋም ቁጥሩን ለሌላ አትስጡ፣ «ጠፍቷል» ብላችሁ ምርመራው ላይ ጻፉ። ይህ ካልተደረገ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ስንት መጽሐፍ እንዳላችሁ፣ ስንቱ እንደጠፋ የምታውቁበት መንገድ የለም።

ሦስት ነገር አስተውሉ፦

ደራሲውን በራሱ ስም መዝግቡ፣ በአባቱ አይደለም። ዶ/ር፣ አቶ፣ ብላታ የሚሉትን ማዕረጎች ከስሙ በኋላ በቅንፍ አድርጓቸው፤ ከፊት ከሆኑ ግማሹ መዝገብ «ዶ» ስር ይከማቻል። የውጭ ደራሲ ከሆነ በቤተሰብ ስሙ ይግባ።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንደ አንድ ፊደል ይቆጠሩ። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሐይ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ ካልተዋሃዱ አንድ ሰው በሁለት ቦታ ይገኛል።

ዓመቱ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ በግልጽ ይጻፍ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ.።

ማህተሙን ርእሱ ያለበት ገጽ ላይ፣ ከዚያም አንድ የተወሰነ የውስጥ ገጽ ላይ አድርጉ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ገጽ 33። ሌባ የመጀመሪያውን ገጽ ይቀድዳል፣ ገጽ 33ን ግን አያስብም። (ይህን ቁጥር አሁን ሁላችሁም ስላወቃችሁ የራሳችሁን ምረጡ።) ጽሑፍ ወይም ሥዕል ላይ አትምቱ፣ ቀለሙም እስኪደርቅ አትዝጉት።

ደረጃ 7፦ በቀለም ለዩ

ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የዲዊን አከፋፈል ይጠቀማሉ፤ ዕውቀትን ከ000 እስከ 999 በአሥር የሚከፍለው ማለት ነው። በዚያ አከፋፈል የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ 892.8 ውስጥ ይገባል። ለእናንተ ግን አይመችም። ከመጽሐፋችሁ ገሚሱ የአማርኛ ልቦለድ ከሆነ ገሚሱ አንድ ቁጥር ስር ይወድቃል፣ የስምንት ዓመት ልጅም ነጥብ ያለው ቁጥር አንብቦ ቦታው አይመልስም።

ስለዚህ ቀለም፦ ቢጫ ለሕፃናት፣ ቀይ ለልቦለድና ግጥም፣ ቡናማ ለታሪክና የሕይወት ታሪክ፣ ሰማያዊ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ አረንጓዴ ለግብርናና ጤና፣ ብርቱካናማ ለመማሪያ፣ ሐምራዊ ለሃይማኖትና ፍልስፍና፣ ነጭ ለመዝገበ ቃላትና ከክፍሉ ለማይወጡ ማጣቀሻዎች። ቀለሙን በመጽሐፉ ጀርባ (መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው ጠባብ ጎኑ)፣ ከግርጌው 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ለጥፉ፤ ሁሉም በአንድ መስመር ከዋለ ቦታው ያልሆነ መጽሐፍ ከሩቅ ይታያል። ቀለሙ ላይ የምድቡን የመጀመሪያ ፊደል ጻፉበት፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት የማይችል ሰው አለና። ስኮች አትጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ይላቀቃል፣ ሙጫው ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ነጭ ኮላ ይበቃል።

የልጆቹ መጽሐፍ የታችኛው መደብ ላይ ይሁን። በየምድቡ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ሽፋኑ ወደ ፊት ዞሮ ይቁም፤ ሰው ጀርባውን ብቻ ከሚያየው ይልቅ ፊቱን ያየውን ያነሳል።

ደረጃ 8፦ የመረጃ ጠረጴዛ አዘጋጁ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። እኔ ግን አንድ ብቻ አድርጉ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ልቦለድ የማያነብ ሰው እንኳ ስለ ቤት ኪራዩ ለማወቅ ይመጣል፣ ከመጣ ደግሞ ዓይኑ ሌላም ያያል። በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ይበቃል።

ጋዜጣ አምጡ። አዲስ ዘመን በየቀኑ ይወጣል፤ ሪፖርተር እሑድና ረቡዕ፣ የሥራና የጨረታ ማስታወቂያም አለው። ሁሉንም መግዛት ካልቻላችሁ ከሰፈሩ ሱቅ ወይም መሥሪያ ቤት በማግሥቱ የሚሰጣችሁ ሰው ፈልጉ። ያለፉት ሦስት ወራት እትሞች ተጠብቀው ይቀመጡ።

አምስቱን ቦክስ ፋይል እንዲህ ሰይሟቸው፦ ጤና፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ሕግ፣ የወረዳ አገልግሎት። ጤናው ውስጥ የክትባት መርሐ ግብርና የጤና ጣቢያው የሥራ ሰዓት ይግባ። ሕጉ ውስጥ ሰው የሚጠይቃቸውን ከፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ አትማችሁ አስቀምጡ፦ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (213/1992)፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (1156/2011)፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (1320/2016)። ክልል ውስጥ ከሆናችሁ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ፈልጉ። የወረዳው ፋይል ውስጥ ለልደት ሰርተፍኬት፣ ለመታወቂያ፣ ለንግድ ፈቃድ ምን ምን እንደሚጠየቅ ዝርዝሩ ይኑር፤ ብዙ መሥሪያ ቤት የዜጎች ቻርተር ብሎ ግድግዳው ላይ የለጠፈው አለ፣ ኮፒ ጠይቁ። ይህ አንድ ወረቀት ሰውን ከብዙ ምልልስ ያድነዋል።

ሰሌዳው ላይ የሚለጠፍ ሁሉ ሦስት ነገር ይኑረው፦ ምንጭ፣ የተለጠፈበት ቀን፣ የሚነሳበት ቀን። ምንጭ የሌለው አይለጠፍም። ከቴሌግራም የተወሰደ የስልክ ፎቶ ምንጭ አይደለም፤ ምዝገባ ተጀመረ የሚል ወሬ ከደረሳችሁ መሥሪያ ቤቱ ደውሉ ወይም የራሱን ገጽ እዩ፣ ከዚያ ለጥፉ። አንድ የሐሰት ማስታወቂያ ሰውን ሥራ አስፈትቶ ካሰለፈ ሰሌዳችሁን ዳግም የሚያምን የለም። ጊዜው ያለፈበትንም በሰዓቱ አንሱ።

የጥያቄ ደብተር አስቀምጡ። ሰው መልስ ያላገኘለትን ጥያቄ ይጽፋል፣ ከኮሚቴው አንዱ አጣርቶ በሳምንት ውስጥ እዚያው ይመልሳል። ስም መጻፍ ግዴታ አይሁን፤ የፍቺና የበሽታ ጥያቄ በስም አይጠየቅም።

አሁን ወደ መነጽሩ። ከ40 እስከ 45 ዓመት ዕድሜ በኋላ የብዙ ሰው ዓይን የቅርብ ጽሑፍ ማየት ያቅተዋል። «ማንበብ ትቻለሁ» ከሚሉት ውስጥ ፊደሉ የደበዘዘባቸው ብዙ ናቸው። +1.50፣ +2.00፣ +2.50 የንባብ መነጽሮችን በክር ከጠረጴዛው ጋር አስራችሁ አኑሩ። ለማያነቡት ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ሩብ ሰዓት ጋዜጣና አዲስ ማስታወቂያ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው መድቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ሰው ሐኪምም ጠበቃም አይደለም። ገጹን ያሳያል፣ ካስፈለገ ያነብላቸዋል፣ የትኛው ቢሮ እንደሚሄዱ ይነግራቸዋል። «እኔ ብሆን እከሰዋለሁ» አይልም።

ደረጃ 9፦ ማዋስ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እዚያው ብቻ ይነበብ። ሰውን ትለያላችሁ፣ መዝገባችሁም ይስተካከላል። ከዚያ አንድ ሰው አንድ መጽሐፍ ለ14 ቀን ይውሰድ።

አሠራሩ በካርድ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ የኋላ ሽፋኑ ላይ በውስጥ በኩል ኪስ አለው፣ ኪሱ ውስጥ ቁጥሩና ርእሱ ያለበት ካርድ። ተዋሹ ካርዱ ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርማል፣ ካርዱ እናንተ ዘንድ ሳጥን ውስጥ በመመለሻ ቀን ቅደም ተከተል ይቀመጣል። መጽሐፉ ላይ የመመለሻው ቀን ይጻፋል። ጥቅሙ፣ ሳጥኑን ስትከፍቱ ከፊት ያሉት ካርዶች የዘገዩት ናቸው፤ መዝገብ ማገላበጥ የለም።

የሰው መታወቂያ አትያዙ። ሰው በየቀኑ ይፈልገዋል፣ ቢጠፋም ዕዳው የእናንተ ነው። ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥርና አንድ የሚያውቀው የሰፈር ሰው ይበቃል፤ ለልጅ የወላጅ ፊርማ። በየቀኑ የሚቆጠር ቅጣትም አልመክርም፤ ልጁ ቅጣቱ ሲበዛበት መጽሐፉን ደብቆ እሱም ይጠፋል። የጠፋበት ሰው ያንኑ ወይም ተመሳሳይ መጽሐፍ ይተካ። በዓመት አንዴ፣ ጳጉሜን ላይ፣ የዘገየ ሁሉ ያለ ጥያቄ የሚመልስበት ሳምንት አውጁ።

ደረጃ 10፦ ወንበሩ በደብተር ብቻ እንዳይያዝ

አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ። ክፍሉ በተከፈተ በአጭር ጊዜ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይሞሉታል፣ የራሳቸውን ደብተር ይዘው። ቤታቸው ጠባብ ነው፣ መብቱም አላቸው። ግን ሕፃናቱና አዛውንቶቹ መቀመጫ ያጣሉ፣ ትንሽ ድምፅ ሲሰማም «ሽሽሽ» ይባላሉ፣ በዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ሰዓት ክፈሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ለጥናት፣ ቅዳሜ ጠዋት ለልጆችና ለቤተሰብ፣ ያኔ ድምፅ ይፈቀዳል። የፈተና ወቅት ሲደርስ ለተማሪዎቹ አንድ ቀን ጨምሩ እንጂ ከቅዳሜው አትቀንሱ።

ለልጆች በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት 20 ደቂቃ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። አንባቢው ቀድሞ መጽሐፉን ይጨርሰው፣ ሥዕሉን ወደ ልጆቹ ያዙር። ከዚያ በኋላ ፈተና የለም፤ «ምን ተማርን» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ንባብ ከትምህርት ቤት ጥያቄ ጋር ከተያያዘ ሰኔ ላይ አብሮ ይዘጋል። ልጆች ባሉበት ሰዓት ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኑር፣ በሩም ገርበብ ብሎ ይዋል።

ለአዋቂዎች የንባብ ቡድን ከፈለጋችሁ ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል። አንድ ቅጂ ብቻ ካለ ተራ በተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ አጭር ልቦለድ ለዚህ ይመቻል። የጀመረውን መጽሐፍ ያልወደደ ይተወው።

ደረጃ 11፦ ቁጠሩ፣ አጽዱ

በየቀኑ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት መጽሐፍ ተዋሰ፣ ስንት ጥያቄ ተመለሰ። ወረዳውን ወይም ለጋሽን መብራትና መጽሐፍ ስትጠይቁ «ብዙ ሰው ይመጣል» ከማለት ወረቀቱን ማሳየት ይሻላል። ዓመት ሙሉ ያልተነሱትን መጻሕፍትም አውጡ፣ ለአዲሱ ቦታ ይልቀቁ።

ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ጣሪያውን አስፈትሹ። ክረምት ላይ ፀሐይ በወጣ ቁጥር መስኮት ክፈቱ። የሻገተ መጽሐፍ ወዲያው ከሌሎቹ ይለይ፤ ደጅ ላይ በጥላ ይድረቅ፣ ከዚያ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ነፍሳት የገባበትን በፕላስቲክ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሦስት ሳምንት አቆዩት። የነፍሳት መርዝ መጽሐፍ ላይ አትርጩ፣ ልጆች ጣታቸውን እያራሱ ነው የሚገልጡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሻማ በምንም ምክንያት አይበራም። አንዱ ሶኬት ላይ ሦስት ማከፋፈያ አትደራርቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሙሉ መጽሐፍ ኮፒ አድርጎ ማባዛት፣ ፒዲኤፉንም በፍላሽ ማደል በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። መብቱ ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። «ለትምህርት ነው» ማለት ሙሉ መጽሐፍ ለማባዛት ፈቃድ አይሆንም።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

*ምረቃውን ማስቀደም።* ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በማግሥቱ ቁልፉ የት እንዳለ የማይታወቅባቸው አሉ። አንድ ወር በጸጥታ ሥሩ፣ ተራው መያዙን እዩ፣ ከዚያ እንግዳ ጥሩ።

*መጽሐፍ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ።* አይጠፋም፣ አይነበብምም። የሚቆለፈው ውድ ማጣቀሻ ብቻ ነው። በዓመት ጥቂት መጽሐፍ መጥፋቱን ከአሁኑ ከወጪ ቁጠሩት።

*ከሶፍትዌር መጀመር።* ኮሃ የሚባለው ነፃ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ጥሩ ነው፣ ግን የሚጠብቀው ባለሙያ ይፈልጋል። ለ500 መጽሐፍ ወረቀቱ መዝገብ ይበቃል፤ ኮምፒውተር ካላችሁ ኤክሴል ላይ ገልብጡት። ትርፍ ላፕቶፕ ከተገኘ ኪዊክስን ጫኑበት፣ ያለ ኢንተርኔት ዊኪፒዲያን ያስነብባል። የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ የእንግሊዝኛውንም ጨምሩ።

*ሁሉንም በአንድ ጎበዝ ሰው ላይ መጫን።* ያ ሰው ሥራ ሲያገኝ ወይም ሲያገባ ቤቱ ይዘጋል። መዝገቡ የት እንዳለ፣ ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማህተሙ ማን ዘንድ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ የበሩ ጀርባ ላይ ለጥፉት፤ በወር አንድ ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ያንን ገጽ ብቻ እያየ ክፍሉን ከፍቶ ይዝጋ። የተደናገረበት ቦታ ካለ ገጹን አስተካክሉት።